ስለ እሱ አንቺ ተናገሪ

ከባለቤቴ ከዳና ጋር መጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ አጎበር ማጠብ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ዝናቡ ቆም ብሎ ትንኙ የበዛበት ሰሞን ስለነበር አጎበሩን ከአልጋው ላይ አውርደን በትልቁ ሳፋ ዘፈዘፍነው። ከዚያ እሱ አንዱን ጫፍ ያዘ፣ እኔ ሌላውን ያዝኩ፤ እሱ በአንድ በኩል እኔ በሌላ በኩል እየጠመዘዝን ጨመቅነው። ውሃው እግሩ ላይ ተንጠባጠበ። እግሩ አብጦ ስለነበር የጫማው ማሰሪያ ቆዳው ላይ መስመር አውጥቶበታል። አየሁት። «ጫማህን ብታወልቀው ምናለ?» አልኩት። «ተይው ወርቄ፤ ሌላው አካሌ ሲከሳ እግሬ እንኳ ይወፍር» አለኝ። ከማንጎው ዛፍ እስከ አጥሩ በተወጠረው ገመድ ላይ አሰጣነው። «ሲደርቅ እንሰቅለዋለን» ብሎ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። እሑድ ጠዋት ከአልጋ መነሳት አልቻለም። ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን ቆየ። አጎበሩ ያን ሁሉ ቀን ገመዱ ላይ ነበር። ከቀብር ስንመለስ ለቅሶ የመጣው ሰው ጎንበስ እያለ በሥሩ ያልፍ ነበር። ማን አጣጥፎ እንዳስገባው አላውቅም። አንድ ቀን ሳይ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል።

ይኸው ሰባት ወር ሆነ። ሰው ሁሉ «አልቅሺ፣ ይወጣልሻል» ይለኛል። አላለቀስኩም። ምግብ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ግቢውን እጠርጋለሁ። የሆነ ነገር ቆሞብኛል፤ ከዚህ የተሻለ መግለጫ የለኝም። በሦስተኛው ወር ታናሽ ወንድሙ ከዶርዜ ወርዶ ልብሱን ሊወስድ ስለነበር ኪሶቹን ልፈትሽ ብዬ ተቀመጥኩ። በቡናማው ኮቱ የውስጥ ኪስ ሰባት ትንንሽ ካርዶች በላስቲክ ታስረው አገኘሁ። አንዳንዶቹ ቢጫ፣ አንዳንዶቹ ሰማያዊ ናቸው። የሰባት ክሊኒክ ካርዶች። በአንዱ ዕድሜው ሃምሳ ስምንት ነው፣ በሌላው ስልሳ ሦስት፣ በአንዱ ደግሞ ስልሳ። ካርዶቹ የቁስል አልኮል ይሸታሉ፤ ወይም ኮቱ ነው የሚሸተው። አፍንጫዬ ላይ ይዣቸው ብዙ ቆየሁ። ያ ሽታ ከሐዘን ይልቅ ጋሽ ጦናን አመጣብኝ። ከሞቱ ስንት ዓመታቸው።

ያኔ እኔና ዳና የተጋባን ሰሞን ነው። አባቴ ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ ተመድቦ አርባ ምንጭ የቀረ ሰው ነበር፤ እኔ እዚሁ አድጌ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ሆኛለሁ። ዳና የዶርዜ ሸማኔ ልጅ ነው፤ እርሻ ቢሮ ተቀጥሮ በኩልፎ ወንዝ ዳር የመስኖ ቦይ ይለካ ነበር። ሲቀላ ሰፈር ከአንዲት ባለሱቅ ቤት ኋላ አንድ ክፍል ቤት ተከራየን። ሙዙ ከኩልፎ በጋሪ ተጭኖ ሲመጣ ጠረኑ ቀድሞ ይደርሳል፤ በአንድ ብር የገዛነው ሙዝ በሳምንት አልቆ አያውቅም፣ ግማሹ ይጠቁርብን ነበር። ዳና ቡናማ ቴትሮን ሱሪና አባቱ የሸመኑለት ጋቢ ነበረው፤ ሱሪውን ማታ ፍራሹ ሥር አንጥፎ ይተኛበትና ጠዋት ተተኩሶ ያገኘዋል። እኔ አበባ ያለበት የናይለን ቀሚስ ነበረኝ። ሙቀቱ ገላዬ ላይ ያጣብቀው ነበር፣ ግን ሌላ አያምረኝም ነበር። ጥግ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሬዲዮኑን መስኮቱ ላይ አድርጎ ዘፈን ሲመጣ ሲንጀሩን መርገጥ ያቆማል፣ ሲያልቅ ይቀጥላል። ልብስ በቀጠሮው ደርሶለት የሚያውቅ ሰው የለም። አሁን እዚያ ቦታ የሞባይል ካርድ የሚሸጥበት ኮንቴይነር ቆሟል።

ከልብስ ሰፊው አልፎ፣ ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ፣ የጋሽ ጦና ክፍል ነበረች። ጋሽ ጦና ዶክተር አልነበሩም። ድሬሰር ነበሩ፤ በሚሲዮን ክሊኒክ ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ተምረው በኋላ መንግሥት የቀጠራቸው። ሰፈሩ ግን «ሐኪም» ነበር የሚላቸው። ካርድ ማውጫው ስሙኒ ነው። ካርድ ስል ወረቀት ማለቴ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ሰማያዊ የተማሪ ደብተር ነበራቸው፤ ባል፣ ሚስት፣ ልጆች ሁሉ በአንድ ደብተር ይጻፋሉ። ቡታጋዙ ላይ መርፌው በብረት ሳህን ሲቀቀል እንፋሎቱ ከአልኮሉ ጋር ተደባልቆ በሩ ድረስ ይወጣል። አግዳሚው ላይ በኮንጎ ጫማ የተሰለፈውን እግር አስታውሳለሁ፤ ፊት ከማስታውሰው ይልቅ ጫማውን አስታውሳለሁ።

መጀመሪያ የሄድነው ዳናን ወባ ሲይዘው ነው። ገባን። ዳና አፉን ሲከፍት ጋሽ ጦና እጃቸውን አነሱ።

«አንተ ዝም በል። ስለ እሱ አንቺ ተናገሪ» አሉኝ።

«እኔ? እሱ አይደል እንዴ የታመመው?» አልኩ።

«የታመመ ሰው ስለ ራሱ ውሸታም ነው። ወንድ ከሆነማ ሁለት እጥፍ። አንቺ አብረሽው የምትተኚ ነሽ፣ ሲንቀጠቀጥ የሰማሽ ነሽ። ተናገሪ።»

አፍሬ ተናገርኩ። ሲንቀጠቀጥ፣ ሲያልበው፣ ያደረ ቆጮ ሲሸተው ሲያስመልሰው። ጋሽ ጦና በደብተሩ ላይ ይጽፋሉ። ዳና አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ስጨርስ ወደ እሱ ዞረው፣ «ዋሸች?» አሉት።

«ቆጮውን እንኳ ተዪው ብያት ነበር» አለ። አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ በሩ አይዘጋም ነበርና።

ወር ሳይሞላ ደግሞ እኔን ራስ ምታት ያዘኝ። ስገባ ጋሽ ጦና ወደ ዳና ዞሩ። «በል፣ ስለ እሷ አንተ ተናገር።» ዳና በሕይወቱ ያን ያህል ሲናገር አልሰማሁም። ምሳ እንደማልበላ፣ የተማሪ ደብተር ሳርም ዓይኔን አጥብቤ እንደማይ፣ ወሩ እንዳለፈብኝ፣ ሁሉን አወጣው። እኔ ያልቆጠርኩትን እሱ ቆጥሮት ነበር። ልጃችን ምሕረት መምጣቷን ያወቅነው እንዲያ ነው። ጋሽ ጦና ዛሬ ሐኪም ቤት ውስጥ ካለው መሣሪያ አንዱም አልነበራቸውም፤ ያላቸው ደብተሩና ይህቺ አሠራራቸው ነበረች። ከአቅማቸው በላይ የሆነውን በደብተሩ ቅዳጅ ጽፈው «ይህን ይዛችሁ ሂዱ፣ ወረቀቱን ግን መልሱልኝ» ብለው ወደ ሆስፒታል ይልካሉ። ወረቀቱን ካልመለስን ይቆጣሉ። ያኔ ነገሩ የሽማግሌ ጠባይ ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ጦና ጡረታ ወጥተው ወደ አገራቸው ወላይታ ሄዱ፤ እዚያው ሞቱ ተባለ። ደብተሮቹ የት እንደገቡ አላውቅም። ከተማው አደገ። ላይኛው ሴቻና ታችኛው ሲቀላ በባጃጅ ተገናኙ። በየመንገዱ ባለሰማያዊ ታፔላ ክሊኒክ ተከፈተ። ሰው ሐኪም የሚመርጥበት መንገድም ተለወጠ። ማሽን ያለው ይመረጣል። ብዙ መድኃኒት የሚያዝ ይመረጣል። ከሁሉ በላይ የሚመሰገነው ግን «ገና ሳትናገር ያውቅብሃል» የሚባለው ነው። ይህን ምስጋና በገበያ፣ በእድር፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስንት ጊዜ ሰማሁ። እኔም አልቀረሁም፣ ለሰው ብዬዋለሁ። ሐኪሙ እንዲጠይቀን ሳይሆን እንዲያውቅብን ነበር የምንፈልገው። መልስ መስጠት ከማይፈልግ ሰው ጋር ደግሞ ይህ ዓይነቱ ሐኪም በጣም ይስማማል።

ዳና መልስ መስጠት የማይፈልግበት ምክንያት ነበረው። የደም ግፊት እንዳለበት ያወቅነው ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ ሰፈራችን ባለው ጤና ጣቢያ ነው። ያወቀችበት ዶክተር ሊዲያ የምትባል ወጣት ሐኪም ናት፤ ቀጭን፣ ስትናገር እስክሪብቶዋን የምትከድንና የምትከፍት። ማሽን የላትም። ትጠይቃለች። ምን እንደሚበላ፣ ስንት ጊዜ ለሽንት እንደሚነሳ፣ አባቱ በምን እንደሞቱ። ዳና ሲወጣ፣ «ይቺ ልጅ ሐኪም ናት መርማሪ ፖሊስ?» አለኝ። ክኒን ሰጠችው፣ በየወሩ ይምጡ አለችው። ስምንት ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳያጓድል ሄደ። ግፊቱ ወረደ።

በዚያው ሰሞን በቤተ ክርስቲያን ለታመሙ ሲጸለይ ለእሱም ተጸልዮለት ነበር። ጤና ጣቢያ ተለክቶ ቁጥሩ ጥሩ ነው የተባለ ዕለት ዳና ደስታውን አልቻለውም። እሑድ፣ መዘምራኑ ከወረዱ በኋላ፣ «ምስክርነት ያለው» ሲባል ተነሣ። ቡናማ ኮቱን ለብሷል። ድምፅ ማጉያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ግፊት ነበረብኝ፤ ጌታ ፈውሶኛል» አለ። ሕዝቡ አሜን አለ። እኔ እልል አልኩ። የመጀመሪያዋ እልልታ የእኔ ነበረች።

ክኒኑን ያቆመው በማግስቱ ነው። መጋቢው ክኒን ጣል አላሉትም። ማንም አላለውም። እንዲያውም ቆይቶ የሰሙ ጊዜ መጋቢው፣ «ምነው ብትነግሩኝ፤ እኔ ራሴ የስኳር ክኒን እውጣለሁ እኮ» አሉኝ። ነገሩ የዳና ነው። ሰው ፊት ተፈወስኩ ብሎ ቤቱ ገብቶ ክኒን መዋጥ ውሸት መሰለው። ጋቢ ሲያለብሱት የክሩን ብዛት የሚቆጥር፣ ቦይ ሲለካ የአንድ ጣት ስህተት የማታልፈው ሰው ነበር። «ዳና፣ ቁጥሩ የወረደው እኮ ክኒኑን እየዋጥክ ነው» አልኩት አንድ ቀን። «አንቺ አይደለሽ እንዴ እልል ያልሽው?» አለኝ። በክፋት አይደለም፤ እውነት ገርሞት ነው። ከዚያ በኋላ የክኒኑን ነገር አላነሣሁም።

በዓመቱ ራሱን ያመው ጀመር። ጤና ጣቢያ መሄድ አይችልም፤ ካርድ ክፍል የምትሠራው እትዬ አማረች ከእኛው ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ያን እሑድ ከፊታችን ወንበር ላይ ተቀምጣ አሜን ብላለች። ስለዚህ የማያውቁት ጋ ሄደ። መጀመሪያ ሴቻ፣ ከዚያ መናኸሪያው አካባቢ፣ ከዚያ ሌላ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከሄደ በኋላ ሐኪሙ ስሙን ሲይዝ ክሊኒክ ይቀይራል። እኔም አብሬው እሄድ ነበር። እንዲያውም የማፈላልገው እኔ ነበርኩ፤ «እዚያ ያለው ጎበዝ ነው አሉ» እያልኩ። ነርሷ ስሙን ስትጠራ ይገባል፤ እኔ ልከተል ስል «አስታማሚ ውጪ ይጠብቅ» ትለኛለች። ኮቱን ይዤ እቀመጣለሁ። በሩ ይዘጋል። አሁን የሁሉም በር ይዘጋል፤ ጥሩ ነው፣ ሰው ይከበራል። ውስጥ የሚለውን ግን አውቀዋለሁ፤ ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ሲነግረኝ ሰምቻለሁ። ራሴን ትንሽ ያመኛል። ሌላ በሽታ የለብኝም። የምወስደው መድኃኒት የለም። ሐኪሞቹ መጥፎ አልነበሩም። የነገራቸውን አከሙ። ሰባቱም የሕመም ማስታገሻ አዘዙለት፤ እያንዳንዱ ሌሎቹ ስድስቱ ማዘዛቸውን አያውቅም። ጋሽ ጦና ወረቀቱን መልሱልኝ ሲሉ የነበረው ለዚህ እንደሆነ የገባኝ፣ ሆስፒታል ውስጥ ከግፊቱና ከማስታገሻው ብዛት ኩላሊቱ መድከሙን ሲነግሩኝ ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ቀን አለ። ስለዚያ ቀን ለምሕረትም አልነገርኳትም። ሲቀላ ገበያ ሙዝ ገዝተን እኔ ተሸክሜያለሁ፤ እሱ ሲተነፍስ ይቆራረጥበት ጀምሮ ነበር። ዶክተር ሊዲያ ከአቮካዶ ሻጯ ፊት ቁጢጥ ብላ ትመርጣለች። ስታየን ተነሣች።

«ጋሽ ዳና! ምነው ጠፉ? ክኒኑ ነው የመረረዎት ወይስ እኔ?»

«ኧረ ዶክተር! ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን። ወጣትነቴ ተመልሷል።»

«ወጣት ከሆኑ ታዲያ ሙዙን ለምን መምህርትን አሸከሟቸው?»

አቮካዶ ሻጯ፣ «እሰይ! ንገሪልን የኔ እህት፤ ወንድ ሁሉ እጁን እያወዛወዘ ነው የሚመጣው» ብላ ሳቀች። ዳናም ሳቀ፤ ሙዙን ከእጄ ሊወስድ ሞከረ። ዶክተር ሊዲያ አልሳቀችም። እግሩን ዝቅ ብላ አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እርስዎ ይንገሩኝ እስቲ፣ መምህርት። እውነት ደህና ናቸው?»

ከጋሽ ጦና በኋላ ስለ እሱ ሰው የጠየቀኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ዳና አየኝ። ዓይኑ አልለመነኝም፤ ዝም ብሎ አየኝ። እልልታዬ በመካከላችን ነበረች። ስለ እሱ የማውቀውን ሁሉ በአንድ እስትንፋስ መናገር እችል ነበር፤ ጠዋት ፊቱ እንደሚያብጥ፣ የሚውጠው የማስታገሻ እንክብል በቀን ስንት እንደሆነ፣ ክኒኑ ከምስክርነቱ ማግስት ጀምሮ መሳቢያ ውስጥ እንዳለ።

«ደህና ነው» አልኩ።

«እሺ። ቢሆንም ካርድዎ አለ፤ ብቅ ይበሉ» አለችው። የአቮካዶውን ከፈለችና ሄደች። እኛም ሄድን። በመንገድ ላይ ዳና ስለ ማንጎ ዋጋ አወራ። እኔም መለስኩለት።

ካርዶቹን ያገኘሁ ዕለት ሳልበላ ወጣሁ። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እትዬ አማረች በመስኮቱ በኩል አየችኝና የዳናን ማኅደር አውጥታ በእጄ ሰጠችኝ፤ እንዲህ ማድረግ አይፈቀድላትም መሰለኝ። ተራዬን ጠብቄ ገባሁ። ሰባቱን ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ዶክተር ሊዲያ አንድ በአንድ አነሣቻቸው። ከዚያ ማኅደሩን ከፈተች። ከስምንቱ ወር በኋላ ባለው ገጽ ላይ በእጅ ጽሑፏ «አልመጡም» ይላል። ከሥሩ «አልመጡም»። ከሥሩ «ተደውሏል፣ ደህና ነኝ ብለዋል»። የመጨረሻው ጽሑፍ ቀን ገበያ ላይ የተገናኘንበት ቀን ነው። «መንገድ ላይ አግኝቻቸዋለሁ። እግር አብጧል። ባለቤታቸው ደህና ናቸው ብለዋል።»

አነበብኩት። የራሴን ቃል በሰው እጅ ተጽፎ ማንበብ ሌላ ነገር ነው።

«ያን ቀን...» አልኩ።

«አስታውሳለሁ» አለች። እስክሪብቶዋን ከደነች። «እኔም ደግሜ መጠየቅ ነበረብኝ።»

ካርዶቹን ወደ ጎን አድርጋ «እጅዎን ይስጡኝ» አለችኝ። ለካችኝ። ደግማ ለካችኝ። የእኔም ከፍ ብሏል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ራስዎን የሚያምዎት?»

«አላውቅም» አልኩ። እውነቴን ነው። የእኔን የሚቆጥረው እሱ ነበር።

አሁን አጎበሩን አንዱን ጫፍ ከማንጎው ዛፍ ጋር አስሬ ብቻዬን እጨምቀዋለሁ። በደንብ አይጨመቅም፣ ለመድረቅ ሁለት ቀን ይፈጃል። ክኒኔን ጠዋት ጠዋት እውጣለሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ምስክርነት ያለው ሲባል እቀመጣለሁ። በወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ጤና ጣቢያ ዶክተር ሊዲያ ጋ እሄዳለሁ፣ ወደ ሌላ አልሄድም። ስለ እኔ የሚናገርልኝ ስለሌለ፣ በወሩ ውስጥ የተሰማኝን ሁሉ ቀን በቀን በሰማያዊ የተማሪ ደብተር እጽፋለሁ። ስገባ አነብላታለሁ።